ወላጆቻችንን ለመጠየቅ ሰበብ ያስፈልጋል

በጥቅምት 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) በኒው ዮርክ ከተማ፣ ግራንድ ሴንትራል በሚባለው ትልቅ የባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ጠባብ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ተከፈተች። የሐሳቡ ባለቤት ዴቭ አይሴይ የተባለ የሬዲዮ ዝግጅቶች አዘጋጅ ሲሆን፣ የመክፈቻውን ሪባን የቆረጠው ደግሞ ተራ ሠራተኞችን በማነጋገር ዕድሜውን ያሳለፈው ጸሐፊ ስተድስ ተርክል ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ እናትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ ወይም ባልና ሚስት፣ አብረው ይገባሉ፤ ለ40 ደቂቃ ያህል አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ ይነጋገራሉ፤ መሣሪያውን የሚቆጣጠር አንድ አስተናባሪ አጠገባቸው ይቀመጣል። ሲጨርሱ ቅጂው ይሰጣቸዋል፤ ከፈቀዱ ደግሞ ሌላ ቅጂ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በአሜሪካ ፎክላይፍ ማዕከል ይቀመጣል። ስቶሪኮርፕስ የሚባለው ይህ ድርጅት ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ድምፅ ሰብስቧል።

ተራ ሰዎችን ጠይቆ ቃላቸውን ማስቀመጥ በዚያ ቀን የተጀመረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መንግሥት የቀጠራቸው ጸሐፊዎች በባርነት ኖረው ነፃ ከወጡ ከሁለት ሺህ በላይ አረጋውያን ቃል ተቀብለዋል፤ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1948 የቃል ታሪክ ማሰባሰቢያ ሥራ ጀምሯል። በእነዚህ ሁሉ ጠያቂው ከውጭ የመጣ ባለሙያ ነበር። አይሴይ የለወጠው ጠያቂውን ነው፤ ወንበሩን ለልጁ ሰጠው። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ የሚነገረውን ነገር ጭምር ይለውጣል፤ ሰው ለታሪክ ተመራማሪ የሚናገረውና ለልጁ የሚናገረው አንድ አይደለምና። ለተመራማሪ የዘመኑን ሁኔታ ያስረዳል፤ ለልጁ ግን ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ይናገራል፣ አንዳንዴም ይቅርታ ይጠይቃል።

ከዚህም በላይ የክፍሏ ዋና ጥቅም የድምፁ ጥራት አይመስለኝም። ልጅ አባቱን «ከእናቴ ጋር እንዴት ተገናኛችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ በየቀኑ ዕድሉ አለው፤ ሆኖም አይጠይቅም። አባትም ቢጠየቅ «ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ?» ብሎ ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረዋል። በቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ጥያቄ ያለ ሰበብ ሲነሳ ያሳፍራል። የተያዘ ቀጠሮ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ የሚጠብቅ ሦስተኛ ሰውና የሚበራ መሣሪያ ሲኖር ግን ሁለቱም ወገኖች ኃላፊነቱን በሰበቡ ላይ ይጥሉና ይነጋገራሉ። ድርጅቱ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ቴድ ከተባለው የንግግር መድረክ አዘጋጅ ድርጅት ባገኘው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ክፍሏን ወደ እያንዳንዱ ሰው ኪስ ሲያወርድ እንኳ ሰበቡን አልተወም፤ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምስጋና ቀን በዓል ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲሄዱ አንድ አረጋዊ እንዲያነጋግሩ የቤት ሥራ የሚሰጥበትን ዘመቻ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ጀመረ። «አስተማሪዬ አዘዘችኝ» የሚለው ምክንያት ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ትልቅ ነፃነት ነው።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሳ አንድ ትክክለኛ ነቀፌታ አለ። ሕዝቡ ስቶሪኮርፕስን የሚያውቀው በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት በአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ከሚተላለፉት አጫጭር ቅንጭቦች ሲሆን፣ እነዚህ 40 ደቂቃው ወደ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ተጨምቆ የሚቀርብባቸው ናቸው። ለአየር የሚመረጠው ሁልጊዜም ለማለት ይቻላል እንባ የሚያመጣው ክፍል ነው። ስለዚህ አድማጩ የቤተሰብ ጭውውት ማለት የግድ ልብ የሚነካ ኑዛዜ ነው ብሎ ይደመድማል፤ የእርሱ እናት ስለ ወፍጮ ቤት ወረፋና ስለ ኪራይ ስታወራ ከቆየች ቀረጻው የከሸፈ ይመስለዋል። በእኔ ግምት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ የሚፈልገው ስለ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ የተነገረውን ይሆናል፤ እንባውን በሌላ መንገድም ሊያገኘው ይችላል፣ ወረፋውን ግን በየትም መዝገብ አያገኘውም። ሙሉው 40 ደቂቃ በቤተ መጻሕፍት መቀመጡ ከሬዲዮው ስርጭት ይልቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ የቤተሰብ ትዝታን የሚጠብቅበት የራሱ ሰበብ ነበረው ማለት ይቻላል። በጎጃም፣ በጎንደርና በአካባቢው በነበረው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት ይገባኛል ለማለት ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ እስከ ራሱ ማድረስ ነበረበት፤ በአባቱም በእናቱም በኩል። ያላወቀ በክርክሩ ይረታል። ስለዚህ የዘር ሐረግ ማወቅ የናፍቆት ጉዳይ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነበር፤ ሽማግሌውም ለልጁ የሚያስጠናው ነገ ዳኛ ፊት እንዲቆምበት ነው። ጋብቻም እንዲሁ ሰባት ቤት ማስቆጠር ይጠይቅ ነበርና ሁለቱ ወገኖች ዘመድ አለመሆናቸውን ለማረጋገጥ የአያት የቅድመ አያት ስም መጠራት ነበረበት። ሰው ሲሞት ደግሞ ሙሾ አውራጇ የሟቹን ጀግንነት፣ ደግነት፣ አንዳንዴም ድህነቱን በግጥም እየደረደረች ሕይወቱን በለቅሶተኛው ፊት ትተርከው ነበር።

ከእነዚህ ሰበቦች ትልቁ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን በትውልድ ቆጠራ መሬት መጠየቅ አበቃ፤ ትውልድ የማስጠናቱም ነገር የሚያስገድደው ጉዳይ አጣ። አዋጁ በራሱ ሊደገፍም ሊነቀፍም ይችላል፤ የቤተሰብ ትዝታን ግን ከነበረበት ጥቅም ነቅሎታል። በከተማ ደግሞ ለቅሶው አጠረ፣ ሙሾውም ተከለከለ ባይባልም እንደ ኋላ ቀር ነገር መታየት ጀመረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ እነዚያ የቀድሞ ሥርዓቶች የጠበቁት በአብዛኛው ስምንና ዝናን እንጂ ሰውየው በገዛ አፉ የሚለውን አልነበረም። የትውልድ ቆጠራ ማን ማንን እንደወለደ ይነግረናል፣ ወላጁ ልጁን ሲያሳድግ ምን ይፈራ እንደነበር አይነግረንም። ሙሾም ስለ ሰውየው የሚናገረው እርሱ መናገር ካቆመ በኋላ ነው።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሃያ ዓመት የሞላው ተማሪ ሰባውን ተሻግሯል። ከዛሬው የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው የተወለደው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመሆኑ የእድገት በኅብረት ዘመቻን፣ የመሠረተ ትምህርትን፣ የ1977ቱን ድርቅ ወይም የቀበሌ ራሽን ሰልፍን የሚያውቀው፣ ካወቀውም፣ በመጽሐፍና በክርክር ነው። በመጽሐፍ የሚገኘው የመሪዎቹና የድርጅቶቹ ታሪክ ነው። በሰልፉ ላይ የቆመችው እናት ስኳሩን ለማን አካፈለች የሚለው ያለው በእርሷ ዘንድ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዝምታው ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባል በእኛ ዘንድ ምክር እንጂ ወቀሳ አይደለም፤ የቤት ገመና ለሌላ አይነገርም፤ የደረሰበትን የሚዘረዝር ሰው እንደ አልቃሻ ይታያል። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ይህ ልማድ በግዳጅ ተጠናከረ። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች ለቅሶ እንዳይቀመጡ ተከለከሉ፤ ጥቁር መልበስ ራሱ የሚያስጠረጥር ሆነ። ለቅሶ ያልተቀመጠለት ሞት በቤተሰብ ውስጥ የሚወራበት ቦታ ያጣል፤ ታናናሾቹ የታላቅ ወንድማቸውን ስም ፎቶግራፍ ላይ አይተው እንጂ ሲጠራ ሳይሰሙ ያደጉባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለእነዚህ ቤተሰቦች አደባባይ ላይ ቦታ ሰጥቷቸዋል። በሳሎን ውስጥ ያለውን ዝምታ ግን ሙዚየም አይሰብረውም።

ይህን ዝምታ «ጎጂ ልማድ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ዝም ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሌላ ሰው አለው። እናቲቱ የማትናገረው ልጇ ጎረቤቱን እንዳይጠላ ሊሆን ይችላል፤ አባትየው የሚደብቀው የወንድሙን ጥፋት ሊሆን ይችላል። ቀረጻ ይህን ጥንቃቄ ማክበር አለበት፤ የመገፋፋት መሣሪያ ከሆነ ሰውየውን ይጎዳል፣ ቤተሰቡንም ያቃቅራል። በተለይ ግጭት ባልበረደባቸው አካባቢዎች ስም ተጠርቶ «እገሌ ገደለ፣ እገሌ ጠቆመ» የተባለበት ድምፅ በአንድ ቴሌግራም ቡድን ቢለቀቅ መዘዙ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። መፍትሔው አለመቅረጽ ነው ብዬ ግን አላምንም። የቃል ታሪክ ማኅደሮች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ተናጋሪው ቃሉን ሰጥቶ እስከ ተወሰነ ዓመት ወይም እስከ ዕለተ ሞቱ እንዳይከፈት ያሽጋል። ቤተሰብም ይህን ለማድረግ የሚያግደው የለም።

ሌላው ፍርሃት ከሞት ጋር የተያያዘ ነው። «ድምፅዎን እንቅረጽ» የተባለ ሽማግሌ «ልትቀብሩኝ ነው እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም፤ በአገራችን አረጋዊ ተከቦ ሲናገርና ሌላው ሲጽፍ የሚታየው ኑዛዜ ሲደረግ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረግ ሆኖ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ የሚያገለግል ነው። በስልክ የተቀረጸ ጭውውት ቤት አያወርስም፣ መሬትም አያካፍልም። ይህ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ከተነገረ ቀረጻውን በጥርጣሬ የሚያይ ወንድም ወይም እህት ይረጋጋል፤ ሽማግሌውም የሚናገረው ስለ ሕይወቱ እንጂ ስለ ንብረቱ አለመሆኑን ያውቃል።

የጥያቄውም ነገር ብዙ ማሰብን ይጠይቃል። ስቶሪኮርፕስ ለተሳታፊዎች ከሚያቀርባቸው የጥያቄ ዓይነቶች መካከል እንዴት መታወስ እንደሚፈልጉ የሚጠይቅ አለ። ይህን ለአንዲት የሰማኒያ ዓመት ኢትዮጵያዊት አያት ማቅረብ እንደ ሟርት ሊቆጠር ይችላል። «በሕይወትዎ በጣም የተደሰቱበት ቀን መቼ ነው?» የሚለውም ብዙ አያስገኝ ይሆናል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ቀን የእርሱ ነው» ተብሎ ይዘጋል። በሌላ በኩል «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» የተባለ አባት በፍርድ ቤት የቀረበ ይመስል የተወለደበትን አውራጃ፣ ዓመተ ምሕረቱንና የሠራባቸውን መሥሪያ ቤቶች ቆጥሮ ይጨርሳል። የሚያናግረው ትንሹና የሚጨበጠው ጥያቄ ነው፦ አዲስ አበባ መጀመሪያ የመጡ ቀን የት አደሩ? ከቤት ሲወጡ ማን ሸኘዎት፣ ምን ሰነቁልዎት? እናትዎ ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? በዚያ ሰፈር ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰውየውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ትልቁ ነገር ካለ ራሱ ይከተላል።

ጠያቂ ሆኖ የሚቀመጠው ማን እንደሆነም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። በእኛ ቤተሰብ ልጅ ወላጁን ፊት ለፊት መጠየቅ ይከብደዋል፤ የልጅ ልጅ ግን የተፈቀደለት ብዙ ነው። አያት ለልጃቸው በአርባ ዓመት ያልነገሩትን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት ሊነግሩ ይችላሉ። እንግዲህ ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ በሙሉ የተቀመጠበት ሰዓት ለወግ ቢመችም ለቀረጻ አይመችም፤ ሲኒው ይንኳኳል፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሽማግሌው የሚመልስለት አይጠፋም። «አይደለም አባባ፣ እሱ እኮ በ68 ነው» የሚል አራሚ ካለ ታሪኩ ወደ ቀን ክርክር ይለወጣል። ቀኑ ሲሳሳት ይሳሳት። አረጋውያን ጊዜን የሚቆጥሩት «ጣሊያን የገባ ጊዜ»፣ «መንግሥት የተለወጠ ዓመት»፣ «በሶማሌ ወረራ ወቅት» እያሉ ነውና፣ ጠያቂው ይህን ሰምቶ በኋላ በጎን ዓመተ ምሕረቱን ቢጽፍ ይበቃል።

በውጭ አገር ባሉ ቤተሰቦች ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው በመንገደኛ እጅ ይልኩ ነበር፤ ከአገር ቤትም የእናት ሰላምታ፣ የጎረቤት ምርቃትና የልጆች መዝሙር ተቀርጾ ይመለስ ነበር። እነዚያ ካሴቶች ማንም «ታሪክ እንሰብስብ» ሳይል የተሠሩ የቤተሰብ መዛግብት ናቸው። የካሴት ጥብጣብ ግን በዓመታት ይደክማል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ለመቅረጽ ከማሰብ በፊት በመሳቢያ ውስጥ ያለውን አውጥቶ ወደ ዲጂታል መገልበጥ የቀደመ ሥራ ነው። በዓረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶች በዋትስአፕና በአይሞ ለእናቶቻቸው የሚልኩት የድምፅ መልእክትም የዛሬው ካሴት ነው፤ ልዩነቱ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲቀየር አብሮ መጥፋቱ ነው።

የቋንቋው ችግር ከዚህ ይከፋል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የተወለደ ልጅ አያቱን ለማነጋገር ብዙ ጊዜ እናቱን አስተርጓሚ ያደርጋል፤ አስተርጓሚዋም ሳታስበው የምትመርጠውን ትተረጉማለች፣ የሚያሳፍረውን ትዘለዋለች። እስራኤል ውስጥም ልጆች በዕብራይስጥ እያሰቡ ወላጆቻቸው በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚያስታውሱትን፣ በሱዳን በኩል በእግር የተጓዙትን መንገድ ለመስማት ተመሳሳይ እንቅፋት አለባቸው። በዚያ ጉዞ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም የሄርዝል ተራራ ለእነርሱ መታሰቢያ ቆሟል። በእነዚህ ሁኔታዎች የሚሻለው አረጋዊው በሚቀናው ቋንቋ ሳይቋረጥ እንዲናገር ማድረግ፣ ትርጉሙን ደግሞ ለሌላ ቀን መተው ነው። ልጁ ዛሬ ባይገባው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ሊገባው ይችላል፤ የተተረጎመው ብቻ ከተቀረጸ ግን የአያቱን አማርኛ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለም። በዚህ ረገድ አንድ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ፤ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለረጅም ዘመን ያጠናችው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ በአሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጋር ያደረገቻቸው ቃለ መጠይቆች የስቶሪኮርፕስ ቅጂዎች በሚቀመጡበት በዚያው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማዕከል ይገኛሉ። ሙዚቀኛ ላልሆነው ቤተሰብ ግን ለጊዜው ማኅደሩ ራሱ ቤተሰቡ ነው።

ቤተሰብ ማኅደር ከሆነ ደግሞ የማኅደርን ሥራ ጥቂት መሥራት ይኖርበታል። አርባ ደቂቃ ድምፅ በአንድ መስመር (ሞኖ) ተቀርጾ ሳይጨመቅ በዌቭ ፋይል ቢቀመጥ 200 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በተለመደው የኤምፒ3 ጥራት ደግሞ 40 ሜጋባይት ገደማ። ስለዚህ የቦታ ጥበት ሰበብ አይሆንም። በመልእክት መላኪያ በድምፅ መልእክት መልክ ከመላክ ይልቅ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ድምፁን ይጨምቀዋል። ቅጂው ቢያንስ በሁለት አገር ወይም በሁለት ቤት ቢቀመጥ፣ የፋይሉም ስም ስልኩ የሰጠው ቁጥር ሳይሆን የሰውየው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ቢሆን በኋላ የሚፈልግ ያገኘዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን በቀረጻው መጀመሪያ ላይ የሚነገረው ነው። ጠያቂው ቀኑን፣ ቦታውንና የተቀመጡትን ሰዎች ስም ይጥራ፤ ቀጥሎም ተናጋሪው ይህን ማን ሊሰማው እንደሚችል፣ መቼ እንደሚከፈትና የትኛው ክፍል ከቤት እንደማይወጣ በገዛ አፉ ይናገር። ተናጋሪው በሕይወት እስካለ ሐሳቡን ለውጦ «ይህን አጥፉት» የማለት መብቱ የእርሱ ነው። ከሞተ በኋላ ግን ጉዳዩ በልጆቹ እጅ ይወድቃል፤ አንዱ ይውጣ ሲል ሌላው ይቅር ማለቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜም የሚዳኛቸው በቀረጻው የመጀመሪያ ደቂቃ ላይ አባታቸው የተናገሩት ቃል ይሆናል።